ምዕራፍ 5፦ በምስል ውስጥ የተቀመጠ ጊዜ

በ1838 ሉዊ ዳጌር የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ ካለ መስኮት ላይ ሆኖ ካሜራውን ወደ ቡሌቫር ዱ ታምፕል ጎዳና አዞረ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቡሌቫር ዱ ታምፕል ቲያትር ቤቶች የተደረደሩበት፣ ጋሪና እግረኛ የሚተራመስበት ጎዳና ነበር። ምስሉ ላይ ግን ጋሪ የለም፤ ፈረስ የለም፤ ሕዝብም የለም። የቤቶቹ ጣሪያ፣ የጭስ ማውጫዎቹ፣ በመንገዱ ዳር የተተከሉት ዛፎች ጥርት ብለው ይታያሉ። ከተማዋን ነዋሪዎቿ በአንድ ሌሊት ጥለዋት የሄዱ ይመስላል።

ከታች በግራ በኩል ብቻ አንድ ሰው ቆሟል። አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ ጫማውን እያስጠረገ ነው። ሊስትሮውም አጠገቡ ደብዘዝ ብሎ ይታያል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በፎቶግራፍ ከተቀረጹ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ እንደሆኑ ይነገራል። ስማቸውን የመዘገበ የለም። ለምን እንደታዩ ግን ግልጽ ነው፤ ባሉበት ቆይተዋል። የዳጌር ካሜራ አንድ ምስል ለመያዝ በርካታ ደቂቃዎች ይፈልግ ነበር። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ያለፈው ሁሉ ምንም ምልክት ሳይተው አለፈ። ጫማው እስኪጠረግለት የቆመው ሰው ቀረ።

ፎቶ ቅጽበትን ያስቀራል ይባላል። በእርግጥ የሚያስቀረው ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ በሰዓት ሊለካ የሚችል ጊዜ ነው። አንዱ ፎቶ የቀን ሙሉ ብርሃን ይይዛል፤ ሌላው የሰከንድ ሚሊዮንኛ። ታዋቂዎቹን ምስሎችም ሆነ በየስልኩ የተከማቹትን ፎቶዎች ለማንበብ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ ምስሉ ውስጥ ስንት ጊዜ አለ?

ግቢ ውስጥ የተደረደሩ ኩባያዎች

በምዕራፍ 2 ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ የውጭውን ዓለም በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ገልብጦ እንዴት እንደሚሥል ታይቷል። በምዕራፍ 4 ደግሞ ያን ምስል የሚይዙት ነገሮች፣ ማለትም የቀድሞዎቹ የብር ጨዎችና የዛሬዎቹ ሰንሰሮች፣ ተብራርተዋል። የቀረው ብርሃኑ ለምን ያህል ጊዜ ይግባ የሚለው ነው።

በክረምት አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ኩባያዎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ሸራ ተዘርግቶባቸው ይታሰብ። እያንዳንዱ ኩባያ የምስሉ አንዲት ነጥብ ነው፤ የሚወርደው ዝናብ ብርሃኑ ነው። ሸራው ሲነሳ ኩባያዎቹ መሙላት ይጀምራሉ፤ ሸራው ሲመለስ ያበቃል። ዝናቡ ከባድ ከሆነ ትንሽ ጊዜ ይበቃል። ካፊያ ከሆነ ግን መቆየት ግድ ነው። ካሜራ ውስጥ የዚህን ሸራ ሥራ የሚሠራው መዝጊያ ነው፤ ባለሙያዎች ሹተር ይሉታል። መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው እንግዲህ በምስሉ ውስጥ የሚቀመጠው።

የዳጌር ጋሪዎች የት እንደገቡ አሁን መረዳት ይቻላል። የቆመ ሰው ብርሃኑን ሁሉ ለተወሰኑ ኩባያዎች ይሰጣል። የሚሄድ ጋሪ ግን ለአንዱም ሳይበቃ ለብዙ ኩባያዎች አንድ ሁለት ጠብታ እያደረሰ ያልፋል። ኩባያዎቹን የሚሞላው ከኋላው ያለው መንገድ ነው። ጋሪው ነበረ፤ ድርሻው ግን ሊታይ እስከማይችል ድረስ ተበታተነ።

ካፊያ ሌላም ችግር አለው። ጠብታዎቹ ጥቂት ሲሆኑ እኩል አይዳረሱም፤ በአንዱ ኩባያ ሦስት ሲገባ በጎረቤቱ ስድስት ይገባል። ማታ በስልክ የተነሳ ፎቶ ላይ ጨለማው ሁሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ የሚሸፈነው በዚህ የተነሳ ነው። የስልክ ሰንሰር ኩባያዎች እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ችግሩ በስልክ ይብሳል። ሰፊ ሰንሰር ያለው ትልቅ ካሜራ በዚያው ብርሃን የተሻለ ፎቶ ማንሳቱም ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው።

ፀሐይ ከምሥራቅም ከምዕራብም

ከዳጌር በፊት ኒሴፎር ኒየፕስ ነበር። በ1826 ወይም በ1827 ይኸው ሰው በፈረንሳይ ገጠር ሳን ሉ ደ ቫሬን በተባለ ስፍራ ከቤቱ መስኮት የሚታየውን ጣሪያና ግቢ ቀረጸ። የተጠቀመው በሬንጅ የተቀባ፣ አብዛኛው ቆርቆሮ የሆነ የብረት ቅይጥ ዝርግ ነው። ብርሃን ያረፈበት ሬንጅ ይደርቃል፤ ያላረፈበት በዘይት ታጥቦ ይለቃል። ከዚህ የሚበልጥ ዝግተኛ ዘዴ ማሰብ ያዳግታል። ምስሉን ለመያዝ ቢያንስ ስምንት ሰዓት እንደወሰደ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል፤ ቀናት ሳይወስድ አልቀረም የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

ማስረጃው ምስሉ ራሱ ላይ አለ። በግራ ያለውን ግድግዳ ፀሐይ መትታዋለች፤ ከፊቱ በቀኝ ያለውንም ግድግዳ መትታዋለች። በአንድ ቅጽበት ይህ ሊሆን አይችልም። ፀሐይ ወጥታ፣ አናት ላይ ደርሳ፣ ወደ ማዶ ስታዘቀዝቅ ካሜራው ሁሉንም በአንድ ላይ ደራርቧል። ይህ ዝርግ ዛሬ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ራንሰም ማዕከል ይገኛል። በካሜራ ከተነሱና እስከ ዛሬ ከቆዩ ፎቶግራፎች ቀደምቱ እሱ ነው፤ ማንም ዓይን አይቶት የማያውቅ ትዕይንት ማሳየቱም እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

«እንዳትነቃነቁ!»

የፎቶ ቤት ደንበኛ ሁሉ ይህን ትእዛዝ ያውቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ትእዛዙ ብቻውን አልበቃም፤ ከተነሺው ጀርባ የብረት መደገፊያ ይቆምና ጭንቅላቱን ከኋላ ይይዝ ነበር። ከዘመኑ የፎቶ አነሳስ ልማድ ጋር ተደምሮ በድሮ ፎቶዎች ላይ ፈገግታ ለመጥፋቱ አንዱ ምክንያት መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ርዝመት ነው። ፈገግታ ለብዙ ሰከንድ ሲያዝ ይደርቃል፤ ዝም ያለ ፊት ግን ሊጸና ይችላል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚነካ ምስል አለ። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ገና ኢትዮጵያ ውስጥ ሳሉ በጉዞው ላይ አረፉ። በዚያው ዓመት ልዑሉ እንግሊዝ ውስጥ ወዳለችው ዋይት ደሴት ደረሰ። እዚያ ፍሬሽወተር በተባለ መንደር የምትኖረው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አነሳችው። ካሜሮን በ48 ዓመቷ ካሜራ በስጦታ አግኝታ የጀመረች፣ ዛሬ በሙያው ታሪክ ከታላላቆቹ የምትቆጠር ሴት ናት። ከእነዚህ ምስሎች በአንዳንዶቹ ልዑሉን ይዞ የመጣው ካፒቴን ስፒዲ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ አብሮት ይታያል።

ካሜሮን የምትሠራበት መስታወት በኬሚካል ተነክሮ ሳይደርቅ መነሳትና መታጠብ ነበረበት። መዝጊያውን ለረጅም ጊዜ ከፍታ ትተወዋለች፤ አንዳንዴም ለደቂቃዎች። ልጁ ያን ያህል ጊዜ ተቀምጧል። ፎቶውን የሚያይ ሁሉ ፊቱ ላይ ሐዘን ያነባል። የሚያዝንበት ምክንያትም ከበቂ በላይ ነበረው፤ በወራት ውስጥ አባቱንም እናቱንም አገሩንም አጥቷል። ነገር ግን ይህን ምስል በጥንቃቄ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ማስታወስ አለበት። የልጅ ፊት በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ይለዋወጣል፤ ይደነቃል፣ ይሰለቻል፣ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ይላል። ረጅም ጊዜ የያዘ ምስል እነዚህን ሁሉ ሸርሽሮ ሥር ያለውን፣ የማይንቀሳቀሰውን ብቻ ያስቀራል። ይህን ማወቅ ሐዘኑን አይቀንሰውም። እንዲያውም በባዕድ ቤት፣ የማያውቀው ቋንቋ በሚነገርበት ክፍል፣ ሳይነቃነቅ የተቀመጠ ልጅ መታየት ይጀምራል። ልዑል ዓለማየሁ በ1879፣ በ18 ዓመቱ፣ እንግሊዝ ውስጥ ሞቶ ዊንዘር ተቀብሯል።

ዓይን የማይደርስበት

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ኬሚካሎቹ ፈጣን ሆኑ፤ መዝጊያዎቹም ፈጠኑ። ጥያቄው «ዝም ብሎ የቆመ ማን አለ?» መሆኑ ቀርቶ «ሰው ማየት የማይችለው ምን አለ?» ሆነ።

የጋላቢ ፈረስ አራቱም እግሮች አንድ ላይ ከመሬት ይነሳሉ ወይ የሚለው ክርክር የቆየ ነበር። ሠዓሊዎች ይነሳሉ ብለው ያምኑ ነበር። ሉቭር ሙዚየም ያለው የቴዎዶር ዠሪኮ የ1821 ሥዕል የእንግሊዝ ውድድር ፈረሶችን የፊት እግራቸውን ወደፊት፣ የኋላውን ወደ ኋላ ዘርግተው ሲበሩ ያሳያል። በሰኔ 1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሊላንድ ስታንፎርድ የፈረስ መሮጫ ላይ 12 ካሜራዎች በረድፍ ተከለ። በመንገዱ ላይ ክሮች ተዘረጉ፤ ፈረሷ ስትመታቸው መዝጊያዎቹ ተራ በተራ ይከፈታሉ። ብርሃን እንዲበዛ መሮጫው ላይ ኖራ ተነስንሷል፤ ከጀርባ ነጭ ግድግዳ ቆሟል። እግሮቹ በእርግጥም አንድ ላይ ይነሳሉ። የሚነሱት ግን ተዘርግተው ሳይሆን ከሆዷ ሥር ተሰብስበው ሳለ ነው። ሠዓሊዎቹ በመነሳታቸው ትክክል፣ በቅርጻቸው ስህተት ነበሩ።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን ደግሞ መዝጊያውን ጭራሽ ከጨዋታው አወጣው። ክፍሉን አጨለመ፣ ካሜራውን ክፍት ተወው፣ ከሚሊዮንኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ብቻ የሚበራ ፍላሽ ሠራ። ብርሃኑ በአጭር ጊዜ ከመጣና ከጠፋ መዝጊያ አያስፈልግም። በ1964 ያነሳው፣ ፖም ሰንጥቆ የወጣ ጥይት አየር ላይ ቆሞ የሚታይበት ፎቶ በዚህ ዘዴ የተገኘ ነው።

ሠርግ ላይም ይኸው ሕግ ይሠራል። እስክስታ የሚወርድ ሰው ያለ ፍላሽ ሲነሳ ፊቱ ደህና ሆኖ ትከሻው ይደበዝዛል፤ በፍላሽ ሲነሳ ትከሻው ቀጥ ይላል። ከሁለቱ የቱ ፎቶ ለእስክስታ እንደሚቀርብ ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። የደበዘዘው ትከሻ እንቅስቃሴውን ይናገራል፤ የቆመው ትከሻ ልብሱን ብቻ ያሳያል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይሰርዛል። ባይሰርዝ ይሻላል።

በፎቶዎቹ መካከል ያለው

አንሪ ካርቲዬ ብረሶን በ1932 ፓሪስ ሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ኋላ በአጥር ክፍተት ያነሳው ፎቶ የአጭር ጊዜ ምስሎች ሁሉ ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። አንድ ሰው በውኃ የተሞላ ሜዳ ሊሻገር ዘሏል፤ ተረከዙ ውኃውን ሊነካ የቀረው ጥቂት ነው። ከኋላው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ላይም ዳንሰኛ ትዘላለች። ልብ ብሎ ላየው ሰው ዘላዩ ደብዘዝ ብሏል። ይህ ዝነኛ ቅጽበት እንኳ ርዝመት አለው።

የዶሮቲያ ላንግ ፎቶ ሌላ ነገር ያስተምራል። በ1936 ካሊፎርኒያ ኒፖሞ ውስጥ፣ አተር ለቅመው የሚያድሩ ሠራተኞች ሰፈር፣ ላንግ አንዲትን እናት ከልጆቿ ጋር ብዙ ጊዜ አነሳቻት። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከድንኳኑ ጋር፤ ከዚያ እየቀረበች። ዓለም የሚያውቀው ሁለቱ ልጆች ፊታቸውን አዙረው እናታቸው ትከሻ ላይ የተደገፉበትን ምስል ነው። ላንግ ስሟን አልመዘገበችም። በ1978 ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ ታወቀ፤ ከፎቶው አንዳች እንዳልተጠቀመችም በቅሬታ ተናገረች። ፎቶው ሲነሳ 32 ዓመቷ ነበር፤ በ1983 ሞተች። ከሰከንድ ክፍልፋይ የማይበልጥ ጊዜ የአንዲትን ሴት 80 ዓመት ሸፍኖታል። እንዲህ ዓይነት ምስል ፊት የቆመ ተመልካች ከዚያች ክፍልፋይ በፊትና በኋላ ያለውን መጠየቅ ይገባዋል።

0.09 ሰከንድ

መስከረም 25 ቀን 2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ትከሻ ለትከሻ ገቡ። ኃይሌ 27:18.20፤ ቴርጋት 27:18.29። በመካከላቸው ያለው 0.09 ሰከንድ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው 0.12 ነው፤ ከ25 ዙር በኋላ የመጣው ልዩነት ከ100 ሜትሩ ጠበበ።

እንዲህ ያለውን ፉክክር የሚዳኘው የመጨረሻው መስመር ፎቶ በዚህ መጽሐፍ ከተገለጹት ሁሉ ልዩ ነው። ካሜራው የሚያየው መስመሩን ብቻ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የወረደች ቀጭን ቁራጭ። ያችኑ ቁራጭ ደጋግሞ ያነሳል፤ የዛሬዎቹ ካሜራዎች በሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ያነሳሉ። ከዚያ ቁራጮቹ በተነሱበት ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ውጤቱ ተራ ፎቶ ይመስላል፤ ሯጮች ተከታትለው ሲሮጡ የሚታዩበት። ግን በምስሉ ላይ ያሉት ሁሉ ያሉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ መስመሩ ላይ። በሁለት ሯጮች መካከል ያለው ክፍተት የሜትር ሳይሆን የሰከንድ ክፍተት ነው። ዳኛው ምስሉ ላይ ቋሚ መስመር ይጎትትና የሯጩን ደረት ይነካል፤ እጅና ጭንቅላት አይቆጠሩም። እግሩ መስመሩ ላይ ያረፈ ሯጭ ጫማው ከልክ በላይ ረዝሞ ይታያል፤ ምክንያቱም ጫማው ቆሞ ሳለ ጊዜው ይሄዳል።

ስልክ ውስጥ ያለው

ስልክም ይህን ጸባይ ይጋራል። የአብዛኛው ስልክ ሰንሰር ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነብም፤ ረድፍ በረድፍ ነው የሚያነበው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚሄድ አውቶቡስ መስኮት የተነሱ የመብራት ምሰሶዎች ዘንበል ብለው የሚታዩት የምሰሶው አናትና እግር በተለያየ ጊዜ ስለተነበቡ ነው። በአንዳንድ መብራቶች ሥር የሚመጣው ጥቁር ሽንትርም ከዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዑደት ስላለው እነዚያ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ ይደክማሉም፤ መብራቱ የደከመ ጊዜ የተነበበው ረድፍ ይጨልማል።

የቡድን ፎቶ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። አውስትራሊያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ፒርስ ባርንስና ኒክ ስቬንሰን ይህን አስልተውታል። ከ20 ሰው በታች በሆነ ቡድን፣ ብርሃን ጥሩ ከሆነ የሰዎቹን ቁጥር ለ3 ማካፈል፣ ብርሃን ደካማ ከሆነ ለ2 ማካፈል፤ ያን ያህል ፎቶ ከተነሳ አንዱ ላይ ሁሉም ዓይኑን ገልጦ ይገኛል ተብሎ ይጠበቃል። 12 ሰው በረንዳ ላይ ሲነሳ 4 ፎቶ፤ ማታ ሳሎን ውስጥ 6። ብርሃን ሲያንስ መዝጊያው ይቆያል፤ ዓይንም ለመጨፈን ብዙ ጊዜ ያገኛል።

ማታ ቡና ሲፈላ በስልክ የሚነሳው ፎቶ ደግሞ በግቢው ኩባያዎች ሊገለጽ ይችላል። የስልኩ የምሽት ዘዴ ሸራውን አንዴ ለረጅም ጊዜ ከማንሳት ይልቅ ደጋግሞ ለአጭር ጊዜ እያነሳ የየዙሩን ውኃ ይደምራል። የእጅ መንቀጥቀጥንም አመሳስሎ ያስተካክላል። ስለዚህ ረከቦቱና ሲኒዎቹ ጠርተው ይወጣሉ፤ ጀበናውን የሚያዘነብለው እጅ ግን የበርካታ ዙሮች ድምር ስለሆነ ወይ ይደበዝዛል ወይ ስልኩ አንዱን ዙር መርጦ ሌላውን ይጥላል። ሊስትሮው ፓሪስ ላይ የደበዘዘበት ምክንያት እዚህ ሳሎን ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

አንዳንድ ስልኮች ከዚህም ያልፋሉ። ከ2023 ጀምሮ ጉግል በፒክስል ስልኮቹ ላይ ያቀረበው ዘዴ በተከታታይ ከተነሱ ፎቶዎች የእያንዳንዱን ሰው ምርጥ ፊት እየወሰደ በአንድ ምስል ያዋህዳል። አያት የሳቁበት ፊት ከሁለተኛው፣ የልጅ ልጃቸው ዓይን የተገለጠበት ከአራተኛው ሊመጣ ይችላል። ለሠርግ አልበም ደስ የሚል ነው፤ እንዲህ ዓይነት ምስል ውስጥ ግን ምን ያህል ጊዜ እንዳለ በአንድ ቁጥር መናገር አይቻልም፤ የተለያዩ ጊዜዎች ተሰፍተዋልና። በተራ ፎቶ ላይ ግን ቁጥሩ አለ። የብዙ ስልኮች የፎቶ ዝርዝር ውስጥ 1/25 ወይም 1/500 የሚል ይገኛል፤ መዝጊያው ስንት ሰከንድ እንደተከፈተ የሚያሳየው እሱ ነው። የሚያዋህደውን ዘዴ የሚጠቀም ቤተሰብ መጀመሪያ የተነሱትን ፎቶዎች ሳይሰርዝ ከአዲሱ ጋር ቢያስቀምጥ፣ አያት በትክክል የሳቁት የልጅ ልጃቸው ዓይን በተገለጠበት ጊዜ ይሁን በሌላ ከዓመታት በኋላም ማወቅ ይችላል።